የአደራው ማብቂያ የት ነው?

በገዛ ቤቱ የኢሜይል ሰርቨር ያቆመ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው ብዙ ጊዜ በሩቁ ሳይሆን በቅርቡ ነው። ከውጭ የሚመጣው ደብዳቤ ገና ሳይጀመር፣ ከአንዱ የቤቱ ተጠቃሚ ለሌላው የተላከች አጭር የሙከራ መልእክት የገባችበት ይጠፋል። ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ጥግ ላይ በርቷል። ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚያመላልሰው ፖስትፊክስ ነው፤ ተጠቃሚው በስልኩ ወይም በላፕቶፑ እንዲያነብ የሚያቀርብለት ደግሞ ዶቭኮት። መልእክቱ ተላከ። ስህተት የሚል ነገር አልታየም። ኢንቦክሱ ግን ባዶ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከመገመቱ በፊት ሎጉን ይከፍታል። ፖስትፊክስ ለተቀበለው ለእያንዳንዱ መልእክት መለያ ይሰጣል፤ ያንን መለያ ይዞ መልእክቱ ከገባበት ሰከንድ አንሥቶ የሆነውን ሁሉ መስመር በመስመር መከተል ይቻላል፦ ማን ላከው፣ ስንት ባይት ነው፣ ለማን ነው፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ወደ መጨረሻው ባለ አንድ መስመር ላይ ፖስትፊክስ «ተልኳል» ብሏል፤ አጠገቡም በቅንፍ «ሜይልቦክስ ውስጥ ገብቷል» የሚል ማረጋገጫ አለ። ዶቭኮት ደግሞ ሲጠየቅ ሳጥኑ ውስጥ ምንም የለም ይላል። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖስትፊክስ ሌላ ካልታዘዘ በቀር በቆየው የዩኒክስ ልማድ ይሄዳል፤ የአንድን ተጠቃሚ ደብዳቤዎች በሙሉ ኤምቦክስ በሚባል አንድ ፋይል ላይ እያከታተለ ይጽፋል፤ ፋይሉም የሚገኘው በኮምፒውተሩ የጋራ የደብዳቤ ፎልደር ውስጥ ነው። ዶቭኮት ግን ብዙ ጊዜ እንዲያነብ የሚታዘዘው ሜይልዲር ከሚባለው፣ በተጠቃሚው በራሱ ፎልደር ሥር ካለውና እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው ፋይል ከሚሆንበት ቦታ ነው። አንዱ የሚጽፍበትን ሌላው አያነብም። ለማስማማት በፖስትፊክስ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የተጠቃሚው ሳጥን ሜይልዲር መሆኑን መጻፍና ከስሙ በኋላ አንዲት ስላሽ ማድረግ ይበቃል። ስላሿ ከተረሳች ፖስትፊክስ ስሙን እንደ ተራ የፋይል ስም ስለሚወስደው ችግሩ መልኩን ቀይሮ ይቀጥላል። በትክክል ከተስተካከለ ግን የሎጉ ቃል ራሱ ይለወጣል፤ «ሜይልቦክስ» ይል የነበረው «ሜይልዲር» ይላል።

ጥገናው ይኸው ነው። ከጥገናው ሥር ግን ትልቅ ጥያቄ ተኝቷል። «ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? የሌላ ሰው ቃል የተሰጠው አካል፣ ሰውም ይሁን መሣሪያ፣ «ከእንግዲህ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ በንጹሕ ኅሊና ሊያርፍ የሚችለው በየትኛዋ ቅጽበት ነው? ጥያቄው ከኮምፒውተር ይልቅ እጅግ የቆየ ነው። ኦሪት ሕግ አውጥቶለታል፤ የታልሙድ ሊቃውንት ተከራክረውበታል፤ ቁርኣን ትእዛዝ ሰጥቶበታል፤ ፕላቶና ካንት የፍልስፍናቸውን ሚዛን ፈትነውበታል። የአደራ ጥያቄ ነው።

ኢሜይልን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚያሻግረው ፕሮቶኮል ኤስኤምቲፒ ይባላል። ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 አርኤፍሲ 821 በተባለው ሰነድ ደነገገው፤ አሁን የሚሠራበትን አርኤፍሲ 5321ን ጆን ክሌንሲን አዘጋጅቶት በ2008 ወጣ። ሥርዓቱ የሁለት ሰዎች ንግግር ይመስላል። ላኪው ሰላምታ ሰጥቶ ስሙን ይናገራል፤ መልእክቱ ከማን እንደሆነ፣ ቀጥሎም ለማን እንደሆነ ይገልጻል፤ ከዚያ ጽሑፉን ያስተላልፋል፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ያለባት መስመር ይልካል። ተቀባዩ ከተስማማ 250 የሚል ቁጥር ይመልሳል።

ያቺ 250 ከባድ ቃል ናት። በሰነዱ መሠረት ሰርቨሩ ይህን በተናገረባት ቅጽበት የመልእክቱ ኃላፊነት ወደ እሱ ይዞራል፤ ወይ ያደርሳል ወይ ለሌላ ያስተላልፋል። ኃላፊነቱንም በቁም ነገር እንዲይዝ ታዝዟል። ኮምፒውተሩ በኋላ ስለ ወደቀ ወይም ይህን በመሰለ ሊታሰብ በሚችል ምክንያት መልእክቱን መጣል አይፈቀድለትም። ስለ ቁጥርና ስለ ፊደል አደራደር በሚያወራ የቴክኒክ ሰነድ ውስጥ እንዲህ ያለ የሥነ ምግባር ቃል መገኘቱ ሊደንቅ ይገባል። ጸሐፊዎቹ የጻፉት ለመሣሪያ ቢሆንም፣ የሚያስገድዱት መሣሪያውን የሚሠራውንና የሚያቆመውን ሰው ነው።

ቪትሴ ቬኔማ በአይቢኤም የምርምር ማእከል ሆኖ የጻፈው ፖስትፊክስ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ይህን ግዴታ በሥራ አሳይቷል። 250 ከማለቱ በፊት መልእክቱን በዲስክ ላይ ባለው ወረፋ ውስጥ ጽፎ ያረጋግጣል። ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ መልእክቱን ከወረፋው አንሥቶ ሥራውን ይቀጥላል። ዳንኤል በርንስታይን በ1990ዎቹ ያመነጨው ሜይልዲርም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው። ደብዳቤው መጀመሪያ በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይጻፋል፤ ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ዲስክ ላይ መቀመጡ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ወደ አዲስ ደብዳቤዎች ፎልደር ይዛወራል። ግማሹ የተጻፈ ደብዳቤ ለአንባቢው አይታይም። «ተቀብያለሁ» የሚለው ቃል የሚወጣው መቀበሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

እንግዲህ አደራውን የተቀበለ ሰርቨር ከአደራው ነጻ የሚወጣባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ለባለቤቱ ሳጥን ማድረስ ነው። ሁለተኛው በራሱ አፍ 250 ላለ ለሌላ ሰርቨር ማስረከብ ነው። ሦስተኛው ሳይሳካ ሲቀር ለላኪው «አላደረስሁም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ መመለስ ነው። ዝምታ ከሦስቱ ውስጥ የለበትም።

የመጨረሻው መንገድ ላይ ከመድረሱ በፊት ግን ሊታገሥ ይገባዋል። አርኤፍሲ 5321 በሁለት ሙከራዎች መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቆይ፣ ተስፋ ከመቁረጡም በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል፤ ፖስትፊክስም ሌላ ካልተባለ 5 ቀን ይጠብቃል። የቤት ሰርቨር ባለቤት የዚህን ትዕግሥት ጥቅም የሚያየው አንድ ቀን በጥድፊያ የተጠቃሚውን ሜይልዲር በአስተዳዳሪው በሩት ስም ሲፈጥር ነው። ፖስትፊክስ ወደ ሳጥኑ የሚጽፈው በተቀባዩ መብት እንጂ በሩት ሥልጣን አይደለም፤ ስለዚህ የፎልደሩ ባለቤት ሩት ከሆነ መጻፍ ይከለከላል። ሎጉ «ፈቃድ የለም» ይላል፤ ደብዳቤው ግን አልጠፋም፤ «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» የሚል ምልክት ተደርጎበት በወረፋው ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤቱ የፎልደሩን ባለቤትነት ለተጠቃሚው ይመልሳል፤ ወረፋው እንደገና እንዲሞከር ያዝዛል፤ ሲጠብቁ የነበሩት ደብዳቤዎች ሁሉ ተከታትለው ይገባሉ። የአንድ ሰው ስህተት የሌላውን ቃል እንዳያጠፋ በመካከል የቆመው ትዕግሥት ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ባልንጀራው ገንዘብ፣ ዕቃ ወይም ከብት እንዲጠብቅለት የሰጠው ሰው ምን እንደሚገባው ተዘርዝሯል። ዕቃው ከቤቱ ተሰርቆ ሌባው ካልተገኘ፣ የቤቱ ጌታ እጁን በባልንጀራው ንብረት ላይ አለማንሣቱን ለማረጋገጥ በእግዚአብሔር ፊት ቀርቦ ይመረመራል። ከብቱን አውሬ በልቶት ከሆነ ደግሞ የተረፈውን አምጥቶ ማስረጃ ያደርገዋል፤ ያን ካደረገ አይከፍልም። ሕጉ ጠባቂውን ሁሉን ቻይ እንዲሆን አይጠይቀውም። የሚጠይቀው ስለ ጠፋው ነገር እንዲናገርና የሚታይ ነገር እንዲያመጣ ነው።

ሳይደርስ የቀረ ኢሜይል ሲመለስ የሚሆነው ይህንኑ ነው። ተመላሹ መልእክት የማን አድራሻ እንዳልተገኘ፣ የትኛው ሰርቨር ምን ብሎ እንደመለሰ ይዘረዝራል፤ ከሥሩም የመጀመሪያውን ደብዳቤ ወይም ቢያንስ ራስጌውን ያያይዛል። ብዙ ሰዎች ይህን ሲያዩ እንደ ብልሽት ይቆጥሩትና ሳያነቡ ያጠፉታል። ለላኪው ግን ከሰርቨሩ ከሚመጡ መልእክቶች ሁሉ የታመነው ይህ ነው፤ ሽንፈቱን ከነማስረጃው ይዞ መጥቷልና።

ሁለተኛው መንገድ፣ አደራን ለሌላ ጠባቂ ማስረከብ፣ ከሦስቱ ሁሉ አከራካሪው ነው። በባቢሎን ታልሙድ ባባ ሜጺዓ በሚባለው ክፍል ውስጥ ጉዳዩ በቀጥታ ተነሥቷል፦ አንድ ጠባቂ የተሰጠውን ዕቃ ለሌላ ጠባቂ ቢሰጥና ዕቃው ቢጠፋ የመጀመሪያው ተጠያቂ ነውን? ራቭ የተባለው ሊቅ ነጻ ነው ይላል፤ ዕቃውን ሜዳ ላይ አልጣለውም፤ አእምሮ ላለው ሰው አስረክቧል። ረቢ ዮሐናን ግን ተጠያቂ ነው ይላል። ለዚህ ለሁለተኛው ሐሳብ ሁለት ምክንያቶች ተሰጥተዋል። አባዬ የባለቤቱን ፈቃድ ያነሣል፤ ባለቤቱ ዕቃዬ በሌላ ሰው እጅ እንዲሆን አልፈለግሁም ሊል ይችላል። ራቫ ደግሞ የመሐላን ነገር ያነሣል፤ ባለቤቱ ያንተን መሐላ አምናለሁ፣ የዚያን ሰው ግን አላምንም ማለት ይችላል።

ኤስኤምቲፒ ከራቭ ጋር ቆሟል። ቀጣዩ ሰርቨር 250 ካለ የመጀመሪያው ቅጂውን ከወረፋው አጥፍቶ ይሄዳል፤ አለዚያ የዓለም ደብዳቤ ሁሉ በየመንገዱ እየተከማቸ ማንም ከኃላፊነቱ ሳይወጣ ይኖር ነበር። ነገር ግን የረቢ ዮሐናን ወገን ጥያቄም አልሞተም። በየሰርቨሩ ያለፈ ደብዳቤ በራስጌው ላይ ከማን ወደ ማን፣ በስንት ሰዓት እንደተላለፈ የሚመሰክር መስመር ይጨመርበታል፤ የቅርቡ ጠባቂ ከላይ፣ የመጀመሪያው ከታች ይሆናል። ደብዳቤው ቢዘገይ ወይም ቢበላሽ በማን እጅ ሳለ እንደሆነ ከታች ወደ ላይ እያነበቡ መለየት ይቻላል። እነዚህን የምስክር መስመሮች የሚሰርዝ ወይም የሚለውጥ ሰርቨር ደንቡን ይጥሳል።

ብዙ ሰዎችም የቤት ሰርቨር ለማቆም የሚነሡት የአባዬን ምክንያት ይዘው ነው። ደብዳቤያቸው በማያውቁት ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ እንዲያድር አይፈልጉም።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ጅዳ የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣው ውስጥ ለጎረቤት ልጅ የተላከ በርበሬና የታሸገ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ ሲቀበል «አደራ» ተብሏል። እዚያ ሲደርስ ተቀባዩን ቢያጣውና ለሌላ ዘመድ ሰጥቶ ቢመለስ፣ ላኪዋ እናት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ለማን ሰጠኸው?» የሚል ነው። ስም መናገር ከቻለ ነገሩ ይፈለጋል፤ ካልቻለ ግን የጠፋው ከበርበሬው በላይ ነው።

አደራን ከመጠበቅ የሚቀድም ሌላ ግዴታ አለ፦ ልትጠብቀው የማትችለውን አለመቀበል። በቁርኣን በሱረቱ አል-አሕዛብ 72ኛ አንቀጽ ላይ አደራው ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች እንደቀረበ፣ እነሱ ግን ፈርተው ለመሸከም እንዳልፈቀዱ፣ ሰው እንደተሸከመው ተነግሯል። ተራሮቹ በእምቢታቸው አልተወቀሱም። ክብደቱን አውቀው መተዋቸው ራሱ ለአደራው የተሰጠ ክብር ነው።

በቤት ሰርቨር ላይ ይህ በጣም ተጨባጭ ነው። የተሳሳተ ቅንብር ያለው ሰርቨር ለማንኛውም ስም የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ በሩ ላይ 250 ብሎ ይቀበልና፣ በኋላ ተጠቃሚው እንደሌለ ሲረዳ ለላኪው ይመልሳል። ደግ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የስፓም ላኪዎች የላኪውን አድራሻ ይዋሻሉ፤ የሌላ ንጹሕ ሰው አድራሻ ይጽፋሉ። ስለዚህ ተመላሹ የሚሄደው ምንም ወዳልላከ ሰው ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ «አልደረሰም» የሚሉ መልእክቶች ሳጥኑን ያጥለቀልቁታል። በሐቀኝነት የተመለሰ አደራ ለንጹሕ ሰው መከራ ሆነ።

ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» የመጀመሪያ መጽሐፍ ላይ ያነሣው ችግር ከዚህ ጋር አንድ ነው። ሽማግሌው ኬፋሎስ ፍትሕ ማለት እውነት መናገርና የሰውን ለሰው መመለስ እንደሆነ ሲገልጽ፣ ሶቅራጥስ ይጠይቀዋል፦ ወዳጅህ ጤነኛ ሳለ መሣሪያውን አደራ ቢሰጥህና አእምሮው ከታወከ በኋላ መልስልኝ ቢልህ ልትመልስለት ይገባሃልን? ኬፋሎስ እንደማይገባ ይስማማል። መመለስ ብቻውን ሙሉ ፍትሕ አይሆንም፤ የሚመለስለት እጅና የሚያስከትለው ነገር መታየት አለበት።

የደብዳቤ መሐንዲሶች ያገኙት መውጫ በሩ ላይ ነው። ፖስትፊክስ የቤቱን ተጠቃሚዎች ዝርዝር አስቀድሞ እንዲያውቅ ይደረጋል፤ ላኪው «ለእገሌ» ባለ ጊዜ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጽሑፉን ሳይቀበል 550 ብሎ ያሰናብተዋል። አደራው እጁ ስላልገባ የመመለስ ግዴታ አልመጣበትም፤ ለላኪው የማሳወቁ ሥራ እስካሁን አደራውን በያዘው ሰርቨር ላይ እንዳለ ይቆያል። በእምቢታም ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። በ5 የሚጀምር ቁጥር «ፈጽሞ አይሆንም» ማለት ነው፤ በ4 የሚጀምረው «አሁን አልቻልሁም፤ ቆይተህ ሞክር» ይላል። ፖስትፊክስ ሰርቨሩ ገና እየተስተካከለ ሳለ የ5ቱን እምቢታዎች ወደ 4 የሚለውጥ ቅንብር አለው። ራሱን ገና የሚመረምር ሰርቨር የመጨረሻ ፍርድ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ጥበብ የተሞላበት ልማድ ነው።

አንዳንዴ ሰርቨሩ የማያውቀው ተጠቃሚውን ሳይሆን ራሱን ነው። የዶሜይኑ ስም ፖስትፊክስ «የእኔ ናቸው» ብሎ በያዛቸው ስሞች ዝርዝር ውስጥ ካልተጻፈ፣ ለገዛ ቤቱ የመጣውን ደብዳቤ የሌላ ሰው መስሎት ወደ ውጭ ሊልከው ይነሣል፤ አድራሻውን ሲፈልግ ራሱን ያገኛል፤ ደብዳቤው ዞሮ ወደ ራሱ እንደሚመለስ በሎጉ ጽፎ ያቆማል። የአቅጣጫ ስህተት በሁለት ሰርቨሮች መካከል ሲሆን ደግሞ ደብዳቤው ሲመላለስ እንዳይኖር የምስክሮቹ መስመሮች ይቆጠራሉ፤ ፖስትፊክስ ከ50 ሲያልፉ ክበቡን ይቆርጣል። አደራ ተቀባይ ራሱ ማን እንደሆነና በስሙ የሚጠራው ምን እንደሆነ ካላወቀ፣ ቅን ፍላጎቱ ብቻውን ደብዳቤን አያደርስም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የማይወገድ እርግጠኛ አለመሆን አለ። በኮምፒውተር ሳይንስ የሁለቱ ጄኔራሎች ችግር የሚባል አለ፤ በ1975 ተጽፎ ጂም ግሬይ በ1978 ይህን ስም ሰጥቶታል። ሁለት የጦር አዛዦች በጠላት ሸለቆ በኩል በሚልኳቸው መልእክተኞች ብቻ የጥቃት ሰዓት ሊስማሙ ይፈልጋሉ፤ መልእክተኛው ሊያዝ ይችላል። የተላከው መድረሱን ማወቅ ምላሽ ይጠይቃል፤ ምላሹ መድረሱን ማወቅም ሌላ ምላሽ። ማንኛውም የመልእክት ብዛት ሁለቱን ወደ ፍጹም የጋራ እርግጠኝነት ሊያደርሳቸው እንደማይችል ተረጋግጧል።

በኢሜይል ላይ ይህ ክፍተት ትክክለኛ ቦታ አለው፤ ከመጨረሻዋ ነጥብ እስከ 250 ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው። ተቀባዩ ደብዳቤውን ጽፎ 250 ሲል መስመሩ ቢቋረጥ፣ ላኪው መቀበሉን አያውቅም። ክሬግ ፓርትሪጅ በ1988 በአርኤፍሲ 1047 ይህን ችግር አብራርቷል። ላኪው ሁለት ምርጫ አለው፦ ደርሷል ብሎ ገምቶ መተው ወይም እንደገና መላክ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሊያጠፋ ይችላል፤ ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ሊያደርስ ይችላል። ሥርዓቱ ሁለተኛውን መርጧል። አንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ደርሶት የተገረመ ሰው ያየው ነገር ምናልባት ይህ ምርጫ ነው፤ እርግጠኛ መሆን በማይቻልበት ቦታ አደራ ተቀባዩ ጉድለትን ትቶ ትርፍን ሲመርጥ።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ማንም የማያይበት ነው። ካንት በ1788 ባሳተመው የተግባራዊ አእምሮ ሂስ ላይ እንዲህ ያለ ሁኔታ ያቀርባል፦ አንድ ሰው እጁ ላይ የአደራ ገንዘብ አለ፤ ባለቤቱ ሞቷል፤ ምንም ጽሑፍ አልተወም። ማንም ሊያረጋግጥበት የማይችለውን አደራ ሁሉም ሰው ይካድ የሚለው ሐሳብ ሕግ መሆን ይችላልን? ካንት አይችልም ይላል፤ እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር አደራ የሚባል ነገር ራሱ ከዓለም ይጠፋልና፤ ማንም ለማንም አይሰጥም።

250 ብሎ ከተቀበለ በኋላ ስፓም ነው ብሎ የጠረጠረውን ደብዳቤ ድምፅ ሳያሰማ የሚያጠፋ ሰርቨር በዚህ ሚዛን ላይ ይወጣል። ላኪው ደርሷል ብሎ ያምናል፤ ተቀባዩ መላኩን አያውቅም፤ የተካደው አደራ ምስክር የለውም። አርኤፍሲ 5321 የስፓምን ብዛትና የሐሰት አድራሻን አደጋ ያውቃል፤ በዝምታ መጣልን የሚፈቅደው ግን ደብዳቤው ማጭበርበሪያ ወይም ሌላ ከባድ ጥፋት ያለበት መሆኑ እጅግ ሲታመን ብቻ ነው። የሥራ ማመልከቻው ወይም የሐኪም ቀጠሮው በእንዲህ ያለ ጥርጣሬ የጠፋበት ሰው ማን እንደበደለው እንኳ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የሚጠረጠረውን በሩ ላይ እምቢ ማለት፣ ያ ካልተቻለ ለብቻው በስፓም ፎልደር ማስቀመጥ፣ ለቤት ሰርቨር ባለቤት የሚገባው መንገድ ነው።

ጠባቂ የአደራ ሰጪውን ማንነት እየመዘነ መጠበቁን ማቆም እንደማይገባው የእስልምና ታሪክ ጠንካራ ምስክር አለው። ነቢዩ ሙሐመድ በ622 ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ የመካ ሰዎች ያስቀመጡባቸው ንብረት በእጃቸው ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ የሚቃወሟቸው ሰዎች ይገኙባቸዋል። የሲራ፣ ማለትም የነቢዩ የሕይወት ታሪክ፣ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት የአጎታቸውን ልጅ ዐሊን በመካ አስቀሩት፤ አደራውን ለየባለቤቱ አስረክቦ እንዲከተላቸው። ሸሽቶ በሚኬድበት ሰዓት የጠላትን ንብረት መመለስ መከራን የሚያበዛ ሥራ ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ 58 አደራን ለባለቤቱ መመለስን ሲያዝዝ ባለቤቱ ወዳጅ ይሁን የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም።

ስለ ሰርቨሩ ይህን ያህል ከተነገረ፣ ስለ ተቀባዩም መነገር አለበት። በቤት ሰርቨር ላይ ከውጭ ከሚመጣው ውጪ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። ክሮን የተባለው ፕሮግራም በሰዓቱ የሠራው ሥራ ያወጣውን ቃል በደብዳቤ ይልካል። ሁለት ሃርድ ዲስኮችን እንደ አንድ አጣምሮ የሚሠራው ኤምዲኤድም፣ አንደኛው ዲስክ ሲበላሽ ያስጠነቅቃል፤ በዴቢያን ሊኑክስ ላይ ሌላ ካልተነገረው የሚጽፈው ለሩት ነው። ፖስትፊክስ ያንን ማስጠንቀቂያ በትክክል ያደርሳል፤ ሎጉም «ተልኳል» ይላል። ነገር ግን በሩት ስም ገብቶ ደብዳቤ የሚያነብ ማንም የለም። ማስጠንቀቂያው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሁለተኛው ዲስክም ሊሞት፣ የቤተሰቡ ፎቶግራፍና ሰነድ ሁሉ አብሮት ሊሄድ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመላኪያው ሰንሰለት ሁሉ ግዴታውን ፈጽሟል። አደራው የቀረው በመጨረሻው ተቀባይ ላይ ነው፤ እሱም ሰርቨሩን ያቆመው ሰው ራሱ ነው።

በትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ላኪው፣ አመላላሹ፣ አስተዳዳሪውና አንባቢው የተለያዩ ሰዎች በመሆናቸው፣ እያንዳንዱ «የእኔ ክፍል ተፈጽሟል» ሊል ይችላል። በቤት ሰርቨር ላይ አራቱም አንድ ሰው ናቸው። ለዚህ ነው ሥራው የቴክኒክ ብቻ የማይሆነው፤ ጥፋቱን የሚወረውርበት ሌላ እጅ የለም።

ፕሮቶኮሉም ይህን ሰው በስም ሳይሆን በማዕረግ ይፈልገዋል። ደብዳቤ የሚቀበል ማንኛውም ዶሜይን ፖስትማስተር የሚባል አድራሻ እንዲኖረው አርኤፍሲ 5321 ያስገድዳል፤ በትልቁም በትንሹም ፊደል ቢጻፍ መቀበል አለበት። ደብዳቤው የጠፋበት ወይም ያለ አግባብ እምቢ የተባለ የማይታወቅ ሰው የሚጽፍበት በር ይህ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የአንዱን ስም ደብዳቤ ወደ ሌላ ስም በሚመራው የአልያስ ፋይል ውስጥ ፖስትማስተር ወደ ሩት፣ ሩት ደግሞ በየቀኑ ደብዳቤውን ወደሚከፍት እውነተኛ ተጠቃሚ ይመራል፤ ከዚያ የአልያስ መዝገቡ እንደገና እንዲሠራ ይታዘዛል፤ ይህ ትእዛዝ ከተረሳ ፖስትፊክስ የድሮውን እያነበበ ይቀጥላል። ብዙዎች ለመጀመሪያዋ የሙከራ መልእክት የሚጠቀሙት የራሳቸውን ስም ነው። ለፖስትማስተርም አንድ መልእክት ልከው፣ ሎጉ ላይ ወደ ማን ሜይልዲር እንደገባች ማየትና ያ ሰው ከፍቶ እንዳነበባት መጠየቅ አለባቸው፤ ፖስትፊክስ የደብዳቤን መግባት እንጂ መነበብ አይመዘግብምና።